መኪናው ባሕር ሲሻገር ደብዳቤው ወደ ኋላ ቀረ

በአዲስ አበባ ከተማ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው፣ ገንዘቡን ከባንክ ከማውጣቱ አስቀድሞ ሦስት ሰዎች አስከትሎ እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ አንደኛው ዋጋውን የሚያስማማው ደላላ፣ ሁለተኛው ኮፈኑን አስከፍቶ የሞተሩን ድምፅ የሚያዳምጠው መካኒክ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ መኪና ከማንም ይልቅ ዐውቃለሁ የሚል ዘመድ ነው። በቆመችው ቶዮታ ቪትዝ ዙሪያ የሚደረገው ምርመራም የራሱ ሥርዓትና ቅደም ተከተል አለው። መካኒኩ ላሜራውን በጣቱ እያንኳኳ ቀለሙ የተነካበትን ቦታ ይፈልጋል፤ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ ያሸታል፤ ከሥር ገብቶ የሚያንጠባጥብ ነገር መኖር አለመኖሩን ያያል፤ በመጨረሻም ካምቢዮውን እየቀያየረ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ይዞርባታል። ደላላው በበኩሉ «ቀለሟ አልተነካም፣ ሞተሯ አልተከፈተም፣ ሴት ናት የያዘቻት» እያለ ከጎን ከጎን ያመሰግናታል። ዘመድየውም ሊብሬውን ተቀብሎ በዚያ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር በመኪናዋ አካል ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በመሪው እምብርት ላይ ታትማ ስለምትታየው «ኤርባግ» ስለምትለው ቃል የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ጠያቂ ቢገኝም መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። የሻንሲው ቁጥር የተመሳከረውም መኪናዋ የተሰረቀች እንዳትሆን ተፈርቶ እንጂ ስለ ሌላ አይደለም። ያው ቁጥር በጃፓን አገር በሚገኘው የፋብሪካው መዝገብ ውስጥ ቢፈለግ፣ መኪናዋ በኤርባጓ ሕጸጽ ምክንያት ወደ ሠሪዋ እንድትመለስ ተጠርታ እንደ ነበር፣ ተመልሳ መታደስ አለመታደሷንም ጭምር ሊናገር እንደሚችል ከሻጩም ከገዢውም የሚያስብ ጥቂት ነው።

«ሪኮል»፣ ማለት የመልስ ጥሪ፣ የሚባለውን ነገር በወሬ ያልሰማ የለም። ታላላቅ ፋብሪካዎች ራሳቸው ሠርተው የሸጡትን መኪና «ጉድለት አገኘንበት» ብለው በመቶ ሺሕና በሚሊዮን እየቈጠሩ መልሰው መጥራታቸው በየጊዜው በዜና ይነገራል፤ ይሁን እንጂ ዜናው የሩቅ አገር ጉዳይ መስሎ ያልፋል፤ የተጠራው መኪና ግን ምናልባት በአድማጩ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚያድር ሊሆን ይችላል። የታካታ ኤርባግ ታሪክ ይህን ከማናቸውም ይልቅ ይገልጠዋልና ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከገመድ ሥራ እስከ ፈንጂ ቆርቆሮ

ታኬዞ ታካዳ የተባሉ ሰው በ1933 በጃፓን ሺጋ አውራጃ ያቋቋሙት፣ ታካታ የተባለው የሽመና ቤት፣ በመጀመሪያ የመርከብ ገመድ ይሠራ ነበር፤ በጦርነቱም ዘመን ለጃንጥላ ዘላዮች የጃንጥላ ገመድ አቀረበ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያንኑ የሽመና ጥበብ ወደ መኪና ቀበቶ አዞረው፤ ከዚያም የቀበቶ ታናሽ ወንድም ወደሆነው ወደ ኤርባግ ተሻገረ። የሰውን ነፍስ ከውድቀት በሚያድን ገመድ የጀመረ ቤት፣ በሦስተኛው ትውልድ የሰውን አንገት በሚቈርጥ ብረት ስሙ የተነሣበትን መንገድ መመልከት የሚያስደንቅም የሚያሳዝንም ነው።

መኪና ከሌላ ነገር ጋር በብርቱ ሲጋጭ፣ በፊቱ የተተከሉት መርማሪዎች የፍጥነቱን ድንገተኛ መቈረጥ አውቀው የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካሉ፤ ምልክቱም በመሪው እምብርትና በክሩስኮቶው ውስጥ ወደ ተሸሸገችው የብረት ቆርቆሮ፣ ማለት ወደ መንፊያው፣ ሲደርስ፣ በውስጧ የታመቀው ኬሚካል ነድዶ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም የናይሎኑን ከረጢት ነፍቶ የሰውየው ደረት መሪውን ሳይመታ በመካከል ያስገባዋል። አንድ ሰከንድ ለ1,000 ቢከፈል፣ ይህ ሁሉ ከ30ው እጅ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል፤ የሰው ዐይን ተከድና እስክትገለጥ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይፈጅባታል። እንግዲህ ኤርባግ በእስትንፋስ ሳይሆን በተገራ ፍንዳታ የሚነፋ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የጥበቡ ሁሉ ምሥጢር ያለው በዚያ መገራት ላይ ነው፤ ኬሚካሉ ቢዘገይ ሰውየው ይጎዳል፤ ቢቸኩል ቆርቆሮው ራሱ ይፈነዳል።

ታካታ ወደ 2000 ዓመት ግድም ለዚህ ሥራ የመረጠው አሞኒየም ናይትሬት የሚባለውን ቅመም ነው። ይህ ቅመም ለእርሻ ማዳበሪያ፣ ለማዕድን ቁፋሮም ፈንጂ ሆኖ የሚያገለግል ርካሽ ነገር ነው፤ በ2020 የቤሩትን ወደብ ያፈረሰው፣ በዚያች ከተማ በየቤቱ ተቀጥረው ይኖሩ የነበሩትን ኢትዮጵያውያት እኅቶቻችንንም ሁሉ ያናወጠው ክምችት ይኸው ነበር። ሌሎቹ የኤርባግ ሠሪዎች ግን ጠባዩን ፈርተው በመንፊያቸው ውስጥ ዋና ማንደጃ ከማድረግ ተቈጥበዋል። የሚፈራበትም ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ሙቀት ከፍ ዝቅ ባለ ቍጥር የውስጥ አቀማመጡን ይለውጣል፤ ሁለተኛ፣ እርጥበት ይስባል። በክረምት ክዳኑን ሳይገጥሙ የተዉት የወጥ ቤት ጨው እንደሚረጥበው፣ ይህም በቆርቆሮው ውስጥ ሆኖ በዓመታት ብዛት እርጥበት እየጠጣ፣ ቀን በፀሐይ እየጋለ ሌሊት እየቀዘቀዘ፣ ተጠፍጥፎና ጠንክሮ የተሠራው ክኒን እየላላና እየተሰነጣጠቀ ይሄዳል። የተሰነጣጠቀ ነገር ለእሳት ብዙ ገጽ ይሰጣልና፣ በግጭት ጊዜ ሲለኰስ ከተወሰነለት ፍጥነት አልፎ ይነዳል፤ ቆርቆሮውም ግፊቱን መሸከም ተስኖት ይበጣጠሳል። ስባሪውም በከረጢቱ አልፎ ወደ ነጂው ፊትና አንገት ይወረወራል።

> የሚያስፈራው ግጭቱ አልነበረም፤ ከግጭቱ እንዲያድን የተቀመጠው ዕቃ ነበር።

በ2009 በኦክላሆማ የሞተችው የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ በአሜሪካ በዚህ ሕጸጽ መሞቷ የታወቀላት የመጀመሪያዋ ሰው ስትሆን፣ ያደረሰችውም ግጭት ሰው ከመኪናው ወርዶ ፓራውልቱን ብቻ አይቶ ሊሄድ የሚችልበት ዓይነት ቀላል ግጭት ነበር። በ2014 በፍሎሪዳ ኦርላንዶ በደረሰው አደጋ ደግሞ፣ ፖሊሶች በሟቿ አንገት ላይ ያለውን ቍስል አይተው በስለት የተወጋች መስሏቸው ነፍሰ ገዳይ መፈለግ ጀምረው ነበር። ከሞተች ከቀናት በኋላ ከመኪናው ሠሪ የተላከ ደብዳቤ ወደ ቤቷ መጣ፤ ደብዳቤውም «የመኪናዎ ኤርባግ ጕድለት ስላለበት ይምጡና ይለወጥልዎ» የሚል ነበር።

ስለ ተለወጡት ወረቀቶች

ሕጸጽ በሰው እጅ ሥራ ሁሉ ይገኛል፤ መሐንዲስም ይሳሳታል። ነገር ግን ይህን ታሪክ ከስሕተት ወደ በደል ያሻገረው፣ ስሕተቱን የሚያሳየው ወረቀት ላይ የተደረገው ነገር ነው። በ2004 በአላባማ አንድ የሆንዳ አኮርድ መንፊያ ፈንድቶ ነጂውን ባቈሰለ ጊዜ፣ ነገሩ «ለብቻው የደረሰ እንግዳ ነገር» ተብሎ ታለፈ። የመጀመሪያው የመልስ ጥሪ የወጣው በ2008 ሲሆን፣ የተጠሩትም መኪኖች 4,000 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጥሪው በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ፤ በእያንዳንዱም ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት፣ በዚህ ፋብሪካ በዚህ ወር የተሠራው ብቻ ነው፣ በዚያ ማሽን የተጨመቀው ብቻ ነው የሚል ነበር። ቅመሙ ራሱ ነው የተባለው ዘግይቶ ነው።

በግንቦት 2015 ኩባንያው መንፊያዎቹ ሕጸጽ ያለባቸው መሆኑን አመነ። በ2017 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ፊት ጥፋተኛነቱን ተቀብሎ 1 ቢልዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ዐቃቤ ሕግም ያቀረበው ክስ ለመኪና ሠሪዎቹ የተሰጠው የፈተና ውጤት ለብዙ ዓመታት ሐሰተኛ ሆኖ መጻፉን የሚገልጽ ነበር። መንፊያው ከገደብ በላይ የፈነዳባቸው ፈተናዎች እንዳልነበሩ ተደርገው፣ የሚያስደስቱት ቍጥሮች ግን በንጽሕና ተገልብጠው ተላልፈዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ኩባንያው መክሰሩን አስታወቀ፤ የተረፈው ንብረቱም የቻይና ባለሀብት ወደ ያዘው ሌላ የደኅንነት ዕቃ ሠሪ ተላለፈ። ገበያውን አምነው ዕቃውን የወሰዱት መኪና ሠሪዎች 19 ነበሩ፤ የተጠራውም መንፊያ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚልዮን፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ወደ 100 ሚልዮን ይጠጋል። በአሜሪካ ብቻ ከ25 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ የቈሰሉትም በመቶዎች ይቈጠራሉ።

በዚህ ነገር የተጠየቀ አንድ የምሕንድስና መምህር የሚለው ምናልባት ለብዙዎቻችን ደስ አይል ይሆናል፤ በሚልዮን ከሚቈጠሩት መንፊያዎች አብዛኞቹ ያለ አንዳች እንከን ሥራቸውን ይሠሩ ነበርና፣ ፈተናውን ያሳለፈው ሰው ኅሊናውን ያሳረፈው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም ይላል። እኔ ግን ማረፊያነቱ አይታየኝም፤ ፈተና የሚፈለገው ጥቂቶቹን ለማግኘት ነውና።

ጥሪው ከየት ይነሣል?

መንግሥት መኪና ሠሪን ስለ ደኅንነት የሚጠይቅበት ሥርዓት በአሜሪካ እንኳ ዕድሜው ረዥም አይደለም። ራልፍ ኔደር የተባለው ወጣት ጠበቃ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለአደጋ የሚወቀሰው ነጂው ብቻ ሳይሆን መኪናው ጭምር መሆን እንዳለበት ተከራከረ፤ በሚቀጥለው ዓመት የመኪና ደኅንነት ሕግ ወጣ፤ በ1970ም የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በዛሬ ስሙ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ባለ መኪና አቤቱታውን ለዚያ መሥሪያ ቤት የማቅረብ መብት አለው።

አቤቱታ ሲባል ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። አንዱ «መኪናዬ እየሄደች ጠፋችብኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው በሌላ ክፍለ ሀገር ይህንኑ ይጽፋል፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። መዝጋቢው ግን ሁለቱን አጠጋግቶ ሲያነብ አንድ ሞዴል፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ሕመም ያገኛል። የጄኔራል ሞተርስ የቍልፍ ማዞሪያ ጉዳይ እንዲህ ነበር፤ በሼቭሮሌት ኮባልትና በመሰሎቹ ላይ ቍልፉ በትንሽ ክብደትና በመንገድ ንቅናቄ ከቦታው እየተንሸራተተ ሞተሩን ያጠፋ ነበር፤ ሞተሩ ሲጠፋ የመሪው አጋዥ ኃይል ይጠፋል፤ ኤርባጉም አይነፋም። ባለ መኪኖቹ ከጥሪው ዐሥር ዓመት ያህል አስቀድመው ጀምረው ሲያማርሩ፣ ኩባንያው ነገሩን የምቾት ጕድለት እንጂ የደኅንነት ጕድለት አላደረገውም፤ በ2014 ጥሪው ሲወጣ የተጠሩት 2.6 ሚልዮን መኪኖች ነበሩ፤ ካሣ ከፋዩ አካል በመጨረሻ የቈጠራቸው ሟቾችም 124 ሆኑ።

በሌላ ወገን፣ አቤቱታው ከኩባንያው ደርሶ ወደ መንግሥት ሳይሻገር የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ሆንዳ ከ2003 እስከ 2014 ስለ ሞትና ስለ ጕዳት የደረሱትን 1,729 ማመልከቻዎች ለመሥሪያ ቤቱ ሳያስታውቅ በመቅረቱ በ2015 የ70 ሚልዮን ዶላር መቀጫ ከፍሏል። እነዚያ ወረቀቶች በሰዓቱ ቢደርሱ ኖሮ በየትኛው ዓመት ማን ምን ያውቅ ነበር ብሎ መጠየቅ ለታሪክ ጸሐፊ የተተወ ነው።

ሕጸጹ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ሥራ የፖስታ ሥራ ነው። ሠሪው ለመሥሪያ ቤቱ ካሳወቀ በ60 ቀን ውስጥ ለያንዳንዱ ባለ መኪና ደብዳቤ መላክ አለበት፤ ለዚህም እያንዳንዱን መኪና ከእያንዳንዱ ሰው ጋር የሚያገናኘው 17 ፊደልና አኀዝ ያለው የሻንሲ ቍጥር ነው። ጥገናው ያለ ክፍያ ይደረጋል። እንግዲህ የመልስ ጥሪ ሲፈታ ከአድራሻ የበለጠ ነገር አይደለም፤ አድራሻው ሲጠፋ ጥሪውም ይጠፋል።

> ሠሪው ያውቃል፤ መዝገቡ ያውቃል፤ የማያውቀው በመሪው ፊት የተቀመጠው ሰው ነው።

በዋሽንግተን የፖስታ ሣጥን ውስጥ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታክሲ በመንዳትና በኡበር በመሥራት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ እንደሆኑ ይታወቃል፤ የሚይዙትም ኮሮላም ሲዬናም በታካታው ጥሪ ውስጥ ስማቸው የተጠራ ዓመታት አሏቸው። ለእነርሱ ደብዳቤው ይደርሳል። ከ2014 ወዲህ በፖስታው ፊት በቀይ ቀለም የደኅንነት ጥሪ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት እንዲታተም ታዝዟል፤ ሰው ሁሉ ከመኪና ሻጭ የመጣ ማስታወቂያ እየመሰለው ሳይከፍት ይጥለው ነበርና።

የነጂዎቹ አነጋገር ግን ነገሩ በፖስታ መድረስ ብቻ እንደማያልቅ ያሳያል። መኪናውን ለጥገና ማቆም የቀን ገቢ ማጣት ነው፤ ደግሞም በጥሪው ብዛት የተነሣ መለዋወጫ መንፊያ በመላው ዓለም አልበቃ ብሎ፣ ብዙ ሰው ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ «ዕቃው ሲመጣ እንጠራሃለን» እየተባለ ወራት ጠብቋል። በእነዚያ ወራት ውስጥ ሰውየው ሊፈነዳ እንደሚችል የተነገረውን መሪ ይዞ መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሯል ማለት ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ ነጂ «ባትነግሩኝ ይሻለኝ ነበር» ቢሉ ቀልድ ብቻ አይደለም።

በዚያ አገር ሕግም ቀዳዳ አለ። አዲስ መኪና ጥሪው ሳይፈጸም እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ የኪራይ ድርጅቶችም ከ2016 ጀምሮ እንዲሁ ተከልክለዋል፤ ያገለገለ መኪና የሚሸጠው ነጋዴ ግን በፌዴራሉ ሕግ አይከለከልም። ከመጣያ መኪና ላይ የተነቀለ ኤርባግ በሌላ መኪና ላይ ተገጥሞ የተገኘበትም ጊዜ አለ፤ በ2017 በላስ ቬጋስ በአንዲት ወጣት ነጂ ላይ የፈነዳው እንዲህ ያለው ነበር። መኪናዋን ስትገዛ በመሪው ውስጥ ያለው ዕቃ ከሌላ ከተጋጨ መኪና እንደ መጣ አላወቀችም፤ የመኪናዋ የሻንሲ ቍጥር ቢመረመርም አይናገርም ነበር፤ ቍጥሩ የሚከተለው መኪናውን እንጂ ከውስጡ የተዘዋወረውን ዕቃ አይደለምና።

ያለ ደብዳቤ የመጣች ቪትዝ

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። «ቪትዝ» በሚል ስም የምትጠራው መኪና ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፤ ስለዚህም ተወልዳ ያደገችው መሪዋ በቀኝ ሆኖ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ መሪዋ ወደ ግራ መዛወር ነበረበት፤ ለዚህም ክሩስኮቶው ይነቀል፣ ይቈረጥ፣ እንደገና ይገጠም ነበር። በዚህ ሥራ መካከል የኤርባጉ ነገር ምን እንደሚሆን የጠየቀ ሰው ከየጋራዡ የተለያየ መልስ ያገኛል፤ አንዱ «አውጥተን ክዳኑን ብቻ እንመልሳለን» ይላል፤ ሌላው «ሽቦውን እንቈርጠዋለን» ይላል፤ ሦስተኛው «መብራቱ እንዳይበራ እናደርገዋለን» ይላል። በዚህኛው አነጋገር የሚጠፋው፣ የኤርባጉን ብልሽት ለነጂው እንዲናገር በክሩስኮቶው ላይ የተቀመጠው ማስጠንቀቂያ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህም የተነሣ በከተማችን የሚሄዱት ቪትዞች በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ኤርባግ የሌላቸውና ያላቸው። የሌላቸው ከታካታ ስባሪ ድነዋል፤ በብርቱ ግጭት ጊዜ ግን ደረትን ከመሪ የሚለየው ቀበቶ ብቻ ነው፤ እርሱም ከታሰረ። ያላቸው ደግሞ ከ2005 እስከ 2010 ግድም ከተሠሩት ከሆኑ፣ በመንገደኛው በኩል ያለው መንፊያቸው በጃፓን የተጠራ ሊሆን ይችላል። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በዐይን አይለይም።

ታዲያ ጃፓን መዝግባ ያስቀመጠችው ጥሪ ለምን አልተከተላትም? መኪናዋ ለውጭ አገር ገዢ ስትሸጥ በአገሯ መዝገብ ተሰርዛ ትወጣለች፤ የመጨረሻው አድራሻዋም የዚያ አገር ባለቤቷ አድራሻ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በዱባይ ትሁን በጂቡቲ፣ በቃሊቲ ትሁን በሐዋሳ ደብዳቤ ጸሐፊው አያውቅም። ሌላም ችግር አለ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና 17 ፊደላት ያሉት ቍጥር የለውም፤ ለምሳሌ «ኬ ኤስ ፒ 90» እያለ የሚጀምር አጭር የሻንሲ ቍጥር ነው ያለው። ይህን ቍጥር ይዞ የአሜሪካኑን የድረ ገጽ የጥሪ መመርመሪያ የሚሞክር ባለ መኪና «ቍጥሩ ልክ አይደለም» የሚል መልስ አግኝቶ ይመለሳል፤ መኪናውም ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። መልሱ የሚገኘው በፋብሪካው የጃፓን መመርመሪያ ላይ ነው፤ የሚጻፈው ግን በጃፓንኛ ነው። ከዐረብ አገሮች የመጣው፣ የቪትዝ የውጭ ገበያ ስም የሆነው ያሪስ ግን ረዥሙ ቍጥር አለው፤ የሳዑዲ ዓረቢያን ንግድ ሚኒስቴር ጨምሮ በዚያ ወገን ያሉ መንግሥታትም የየራሳቸውን ጥሪ መዝግበው ይዘዋልና ፍለጋው ይቀልለታል።

የአየር ጠባይም በዚህ ነገር ውስጥ ሥልጣን አለው። አሜሪካኖች ጥሪውን ቅደም ተከተል ሲሰጡት አገራቸውን በሦስት ቀጠና ከፍለው፣ ሙቀትና ወበቅ አንድ ላይ የሚበረቱባቸውን እንደ ፍሎሪዳና እንደ ሐዋይ ያሉትን አስቀደሙ፤ በማሌዥያም የደረሱት ሞቶች ይህንኑ የሚያረጋግጡ ናቸው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ደጋው አዲስ አበባ የተሻለ ቦታ ነው ሊባል ይችላል፤ ስለ ጋምቤላ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ከዚህም በላይ ቅመሙ ያለፈበትን አይረሳም፤ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ለዓመታት ቆማ የኖረች መኪና የዚያን ወበቅ ይዛ ነው እንጦጦን የምትወጣው።

ያገለገሉ መኪኖች የሚገቡበት በር በቅርብ ዓመታት መጥበቡ ነገሩን አላቀለለውም። በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በዚሁ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አስቀድመው የገቡት ግን በዚያው ዋጋቸው እየናረ፣ ዕድሜያቸውም እየረዘመ ቀጥለዋል። የዚህ ቅመም ጠላቱ ዕድሜ መሆኑን ካየን ዘንድ፣ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ መድኃኒት አይሆንም።

> ከሶማሌ ተራ የተገዛ ኤርባግ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ ሻጩም አይምልም።

በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጡት ሰዎች፣ ኤርባግ የሚፈልግ ደንበኛ ጥቂት እንደሆነ ይናገራሉ፤ ከሚፈልጉትም ብዙዎቹ የሚሹት ክዳኑን ለመልክ ነው። እዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠው መንፊያ ግን ያው ፈንጂ ነው፤ በመዶሻ ሲከፍቱት ወይም በባትሪ ሲሞክሩት ሊነሣ ይችላል። ልምድ ያላቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ባትሪውን ፈትተው ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ መሪውን አይነኩም፤ በየሰፈሩ እጁ የፈጠነ ሁሉ ግን ይህን ጥንቃቄ አይጠብቅም።

በቦሎ ጊዜ ምን ይጠየቃል?

ከአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጋር ነገሩ ያበቃል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ይኖራል። ነገር ግን ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚታየው ቶዮታ ቢዜድ4ኤክስ ራሱ በ2022 ገና ለገበያ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ የጎማው ቡሎን እየላላ ጎማው ሊወጣ ይችላል ተብሎ የመጀመሪያዎቹ 2,700 ያህል ተጠርተው ነበር፤ ባለቤቶቹም እስኪታደስ ድረስ እንዳይነዱ ታዘዙ። ወኪል ባልሆነ ነጋዴ እጅ የመጣ መኪና፣ ቤንዚን ቢጠጣም በኤሌክትሪክ ቢሠራም፣ ሠሪው ባለቤቱን አያውቀውም።

ስለ መድኅን የሚሠሩ ሰዎች ሲጠየቁ ኤርባግ ኖረም አልኖረም የሚያስከፍሉት እንደማይለወጥ ይናገራሉ፤ የሸማቾች ጥበቃ ሕጋችን፣ አዋጅ ቍጥር 813/2006 (በኢትዮጵያ አቈጣጠር)፣ መኖሩንም የሚያስታውሱ አሉ፤ ይሁን እንጂ ከሦስተኛ እጅ የተገዛ የዐሥራ አምስት ዓመት መኪና ይዞ ማንን እንደሚከስ የሚያውቅ ባለ መኪና አላጋጠመኝም። ሕጋዊው ወኪል «እኔ አላስመጣኋትም» ይላል፤ ሠሪው «ለጃፓን ነው የሸጥኋት» ይላል፤ አስመጪው ሱቁን ዘግቷል።

አውስትራልያ በ2018 ጥሪውን በመንግሥት ትእዛዝ ግዴታ አድርጋ፣ ሦስት ሚልዮን የሚያህሉ መኪኖችን እስከ አሮጌ መጣያ ድረስ እየተከታተለች አስፈልጋለች። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን ጃፓን ራሷ ያደረገችው ነው፤ ከግንቦት 2018 ጀምሮ፣ ተጠርተው ካልታደሱት መካከል አደገኛ የተባሉትን፣ በየጊዜው የሚደረገውን የመኪና ምርመራ እንዳያልፉ ከለከለች። ደብዳቤ ሳይከፍት የሚጥል ሰው እንኳ ምርመራ ሳያልፍ መንዳት አይችልምና፣ ጥሪው በዚህ መንገድ ሰውየውን ያገኘዋል።

በእኛም አገር መኪና ሁሉ በየዓመቱ ለቦሎ ይቀርባል። ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ጭሱ ይለካል፤ የሻንሲው ቍጥርም ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ አንድ መርማሪ ስለ ጥሪው ሲጠየቅ የመለሰው አጭር ነው፦ «ቍጥሩን እኛ በየቀኑ እንጽፋለን፤ የተጠሩትን ዝርዝር የሚሰጠን ካለ፣ ማመሳከሩ ፓራውልት ከማየት አይበልጥም። ከተገኘ በኋላ ዕቃውን ማን ያመጣል፣ መሪዋ ለተዛወረችውስ የትኛው ይገጠማል የሚለውን ግን እኔን አትጠይቁኝ።»